ሞተር ሳይክል ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ፍርሃትንና ጥርጣሬን ደረጃ በደረጃ መፍቻ

ሞተር ለመግዛት አስበው ወራት የሚያስቆጥሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠብቁት ፍርሃቱ እንዲለቃቸው ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ የሚጠብቅ ሰው ግን ወይ ጨርሶ አይገዛም፣ ወይ አንድ ቀን በስሜት ተነሥቶ ይገዛና ሞተሩ ጥግ ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል። የሚያዋጣው ፍርሃቱን መበተን ነው። «እፈራለሁ» በሚለው በአንዱ ቃል ውስጥ አምስት ስድስት የተለያዩ ነገሮች ታጭቀው ይገኛሉ፤ አንዱ በሥልጠና ይፈታል፣ አንዱ በገንዘብ፣ አንዱ ከቤት ሰው ጋር በመነጋገር፣ አንዱ ደግሞ በምንም አይፈታም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ይለያያሉ፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ሥራ ይሰጣሉ። መጨረሻ ላይ የሚደርሱበት ውሳኔ «አልገዛም» ቢሆንም ሥራው ከንቱ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ወር ይመድቡለት።

ደረጃ 1፦ የሚያስፈራዎትን በስሙ ይጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ፤ ስልክ ለዚህ ሥራ አይመችም፣ መሐል ላይ ሌላ ነገር ይከፈታል። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ከሞተር ጋር የተያያዘ የሚረብሽዎትን ሁሉ በየመስመሩ ያስፍሩ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ምን፣ የትና መቼ የሚለውን መያዝ አለበት። «አደጋ» ብሎ መጻፍ አይቆጠርም። «መስቀለኛ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና ሳያየኝ ቢታጠፍብኝ»፣ «ዳገት ላይ ቆሜ ስነሣ ሞተሩ ጠፍቶብኝ ወደ ኋላ ብንሸራተት»፣ «ባመሸሁ ቁጥር የቤት ሰው ሲጨነቅ ቢያመሽ»፣ «ገዝቼ በሦስት ወር ብተወውና በኪሳራ ብሸጠው»፤ የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚያ በየመስመሩ ዳር አንድ ፊደል ያስቀምጡ። ሥ ሥልጠናና ልምምድ ለሚፈታው፣ ል ልብስና የሞተሩ ምርጫ ለሚቀንሰው፣ ገ ለገንዘብ ጉዳይ፣ ሰ ከሰው ጋር መነጋገር ለሚፈልግ፣ ቀ ሁሉም ተደርጎም ለሚቀር። አንድ መስመር ሁለት ፊደል ሊያገኝ ይችላል። የሚታጠፈው መኪና ለምሳሌ ሥ እና ቀ ነው፤ ከመስቀለኛው በፊት ፍጥነት መቀነስና ፍሬን ላይ ጣት ማዘጋጀት ይለመዳል፣ የሌላውን ሹፌር ዓይን መቆጣጠር ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ ፍርሃትንና ጥርጣሬን ማምታታት ብዙ ሰው ያስታል። ፍርሃት የአካል ነው፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ያልባል፣ መልሱም ልምምድ ነው። ጥርጣሬ መረጃ ሲጎድል የሚመጣ ነው፤ «ወጪውን እችለዋለሁ? ቁመቴ ይደርሳል? ይህ ሞተር አልተሰረቀም?»፤ መልሱም ማጣራት ነው። ፍርሃትን በንባብ፣ ጥርጣሬን በድፍረት ለመፍታት የሚሞክር ሰው ሁለቱንም አይፈታም። በተለይ ማታ ማታ የአደጋ ቪዲዮ ማየት መዘጋጀት ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አካሉ ፍርሃቱን ይለማመደዋል፣ እጁ ግን አንድም ነገር አይማርም። ይህን ሥራ እስኪጨርሱ ቪዲዮዎቹን ይተዉ።

ደረጃ 2፦ አደጋው የት እንዳለ ይወቁ

«ጥንቃቄ ካደረግህ ምንም አይልህም» የሚለውን ምክር አይስሙ፤ ሐሰት ነው። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አኃዝ መሠረት፣ በእኩል የተጓዙት ርቀት ሲሰላ ሞተር ነጂ የሚሞትበት ዕድል በመኪና ውስጥ ካለ ሰው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ቁጥር ዓይኑን አይቶ ያልተቀበለ ሰው የሚወስነው ውሳኔ ጸንቶ አይቆይም፤ የመጀመሪያው ክፉ ወሬ ያፈርሰዋል።

ነገር ግን አደጋው በሁሉም ላይ በእኩል አልተከፋፈለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ የመረመረው የሃሪ ኸርት ጥናት ዛሬም የሚጠቀሰው ዝርዝሩን ስላሳየ ነው። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ነበሩ፤ ከእነዚያም ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነሣው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነው። ዋናው ቦታ መስቀለኛ መንገድ ነበር። ለብቻ በተደረጉት አደጋዎች ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛው የነጂው ስሕተት ነው፤ ፍሬን አብዝቶ መያዝ ወይም መታጠፊያ ላይ ከልክ በላይ ፈጥኖ ገብቶ ወደ ውጭ መውጣት። በሞት ካለቁት አደጋዎች ግማሽ ሊሞሉ በተቃረቡት አልኮል ነበረበት። አደጋ ካገኛቸው ነጂዎች 92 በመቶው በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሆኑት አደጋ በደረሰበት ሞተር ላይ የነበራቸው ልምድ ከአምስት ወር ያነሰ ነበር፤ አጠቃላይ የመንገድ ልምዳቸው ግን ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል። ከዚህ የሚወጣው ነገር ለውሳኔው ትልቅ ነው፤ አዲስ ሞተር ላይ የወጣ ሰው፣ ልምድ ቢኖረውም፣ እንደገና ጀማሪ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ይመለሱ። አልኮልና ሥልጠና ማጣት ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ናቸው። የመታጠፊያና የፍሬን ስሕተት በልምምድ ይቀንሳሉ። የሌላው ሹፌር ጉዳይ በከፊል ብቻ ነው፤ ሆኖም ያ ከፊል ቀላል አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ለማስተዋል አንድ ሰከንድ ከወሰደብዎት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ለመያዝ ሌላ 14 ሜትር ገደማ ጨምረው በ28 ሜትር ይቆማሉ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያው ነገር ከ80 ሜትር በላይ ይፈጃል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የፍሬን ርቀቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ፍሬን ላይ አስቀድሞ የተዘጋጀ ጣት ከዚያ አንድ ሰከንድ ላይ ጥቂት ይቆርጣል፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሰከንድ ሦስተኛ እንኳ ወደ አምስት ሜትር ነው፣ አንድ መኪና ያህል ርዝመት።

ደረጃ 3፦ ከመግዛትዎ በፊት ይንዱ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ገልብጦ ይሠራዋል፤ ገዝቶ ከዚያ ይማራል። ፍርሃቱ ስለ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሞተር ላይ ከተወጣ በኋላ ብቻ ነው። መኪና ይመታኛል ብለው ሲፈሩ የቆዩ ሰዎች ወርደው ሲጠየቁ ያስጨነቃቸው ክብደቱ እንደነበር ይናገራሉ።

ማሠልጠኛ ይመዝገቡ፤ የእነሱን ሞተር ይጠቀሙ። የጓደኛ ሞተር መዋስ ሦስት ጉዳት አለው፦ እንዳይጥሉት በመስጋት ሰውነትዎ ይደርቃል፣ ጓደኛዎ ጥሩ ነጂ ቢሆን እንኳ ማስተማር ሌላ ሙያ ነው፣ ሞተሩም ለጀማሪ የሚከብድ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ሳይሆን ዝግ ሜዳ ላይ የሚያስጀምር፣ ድንገተኛ ፍሬንና መሰናክል ማለፍን የሚያስተምር ማሠልጠኛ ይምረጡ። ለፈቃድ ፈተናው የሚሆነውን ስምንት ቁጥር ብቻ አስለምዶ የሚሸኝ ለዚህ ዓላማ አይበቃም።

ልምምዱን በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

ሀ. ሞተሩ ጠፍቶ። ከጎኑ ቆመው በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ይግፉት፣ ያዙሩት፣ ያቁሙት። ከዚያ ላዩ ላይ ተቀምጠው በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘንብሉት፤ እስከ የት እግርዎ እንደሚሸከመው፣ ከየት ጀምሮ እንደሚከብድ ይሰማዎታል። አሠልጣኙን ለምነው የወደቀ ሞተር ማንሣትን ይለማመዱ። መሪውን ሞተሩ ወደ ወደቀበት ጎን ሙሉ በሙሉ ያዙሩ፣ እንዳይንሸራተት ማርሽ ያስገቡ፣ በቀኝ በኩል ከወደቀ የጎን ማቆሚያውን አስቀድመው ያውጡ። ጀርባዎን ሰጥተው ዳሌዎን መቀመጫው ላይ ያስደግፉ፣ በአንድ እጅ የመሪውን እጀታ፣ በሌላው የፍሬሙን ጠንካራ ቦታ ይያዙ፣ በወገብ ሳይሆን በእግር እየገፉ በትናንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። «ቢወድቅብኝ በሰው ፊት ምን እሆናለሁ» የሚለው መስመር እዚህ ይሰረዛል። እፍረት ትልቁ የተደበቀ ፍርሃት ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ማንም ቀድሞ አይጽፈውም።

ለ. ፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለያየው፣ በግራ እጅ የሚያዘው)። አንደኛ ማርሽ ላይ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ፣ ፍሪሲዮኑን ሞተሩ ወደ ፊት መሳብ እስኪጀምር ብቻ ይልቀቁ፤ ወዲያው መልሰው ይያዙ። አሥር ደቂቃ ያህል ደጋግመው። ሞተር እየጠፋ የሚያስቸግረው ፍሪሲዮኑ ይህን ነጥብ በችኮላ ሲያልፍ ነው፤ ተወርውሮ የሚሄደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀኝ እጅ አንጓ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ስለሚያዝ ነው። ሰውነት ወደ ኋላ ሲሳብ እጅ አብሮ ይሳባል፣ ነዳጁም ይጨምራል። አንጓዎን ከእጀታው ጋር እኩል ያድርጉ።

ሐ. ፍሬን። «የፊት ፍሬን ይገለብጣል» የሚለው እምነት ብዙ ሰው ገድሏል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ከማቆም አቅሙ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው በፊት ጎማ ላይ ነው። የሚጥለው የፊት ፍሬኑ ራሱ አይደለም፤ መሪው ታጥፎ ሳለ ወይም ክብደቱ ወደ ፊት ሳይደርስ በአንዴ ጨምድዶ መያዙ ነው። እንደ ስፖንጅ ቀስ እያሉ ይጭመቁ፤ በመጀመሪያ ቀለል፣ ቀጥሎ ጠንከር። በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ይጀምሩና ያለ ጭንቀት መቆም ሲችሉ ወደ 30፣ ወደ 40 ይሂዱ። አሸዋ ወይም እርጥብ የመንገድ ቀለም ያለበት ቦታ አይምረጡ።

መ. ዓይን። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው ተረት ሞተር ላይ ቃል በቃል እውነት ነው። ሞተር የሚሄደው ዓይን ወዳረፈበት ነው፤ ጉድጓዱን አፍጥጦ የሚያይ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። በመታጠፊያ ላይ አገጭዎን ወደሚወጡበት ያዙሩ፤ መሰናክል ሲያዩ ዓይንዎን መሰናክሉ ላይ ሳይሆን በጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ያሳርፉ። ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ደግሞ ሞተሩ የሚታጠፈው የሚሄዱበትን ጎን እጀታ ወደ ፊት በመግፋት ነው፤ ቀኙን ሲገፉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በድንጋጤ ጊዜ ሰው በተቃራኒው ይስባልና እጅ አስቀድሞ ሊለምደው ይገባል።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትና በኋላ ፍርሃትዎን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት፣ ይጻፉትም። 7 ሆኖ ከጀመረ ወደ 3 ወይም 4 እስኪወርድ በዚያው ልምምድ ይቆዩ። ከጫፉ ላይ ትተውት ቢወርዱ አካልዎ የሚማረው «ያዳነኝ መሸሼ ነው» የሚለውን ነው፤ የሚቀጥለው ቀን ይከብዳል። 8 ወይም 9 ላይ ከደረሰ ግን አይታገሉት፤ አንድ እርከን ዝቅ ብለው ከቀለለው ይጀምሩ። ፍርሃት በቁጥር ሳይሆን በሰውነት የሚታወቅባቸው ምልክቶችም አሉ፤ የተቆለፈ ክርን፣ የተያዘ ትንፋሽ፣ እጀታውን የሚያንቅ መዳፍ። የደረቀ ክንድ መሪውን ስለሚያግደው ሞተሩ ይወላገዳል፣ መወላገዱም ፍርሃቱን ይጨምራል። ታንኩን በጉልበትዎ ይያዙ፣ ክርንዎን እንደ ክንፍ ያላሉ፣ ትንፋሽን ከሚስቡበት በላይ አስረዝመው ያውጡ።

ደረጃ 4፦ ቀ የሚለውን ፊደል ብቻውን ይጋፈጡት

ሥልጠናው ሲያልቅ ወረቀቱን እንደገና ይጻፉ። ሥ ያላቸው ብዙዎቹ ይሰረዛሉ፤ ቀ ያላቸው ይቀራሉ። እነዚህን ለማሳመር አይሞክሩ። ሁሉን በትክክል ሠርቶ የሚጎዳ ሰው አለ። ስለዚህ ጥያቄው «ይደርስብኛል ወይ?» አይደለም፤ መልስ የለውምና። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ስድስት ወር መሥራት ባልችል ቤቴን ማን ያኖራል? መድኑ የሚሸፍነው ሌላውን ወገን ብቻ ነው ወይስ እኔንም? ሞተሩ የሚሰጠኝ ነገር፣ ጊዜ ይሁን ሥራ ይሁን ደስታ፣ ለዚህ የሚያበቃ ነው? በተለይ የመጨረሻውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ቆም ይበሉ። «ሁሉም ስለገዛ» እና «ፈሪ እንዳልባል» ምክንያት አይደሉም።

መግዛት የማይገባቸው ሰዎችም አሉ፤ በግልጽ መባል አለበት። መጠጥ ከቀመሱ በኋላ መኪናም ቢሆን ከመንዳት የማይታቀቡ፣ መንገድ ላይ ሲቀደሙ መበቀል የሚያምራቸው፣ በሥራቸው ምክንያት ሁልጊዜ እንቅልፍ አጥተው የሚነዱ፣ የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስዱ። ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ ፍርሃቱ ትክክለኛ ነገር እየነገረዎት ነው።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡን በተግባር ይፈትኑት

የሞተሩ ዋጋ የወጪው ከፊል ነው። ሥልጠና፣ መንጃ ፈቃድ፣ ምዝገባ፣ መድን፣ ሄልሜት፣ ጃኬት፣ ሱሪ፣ ጓንት፣ ጫማ፣ ቁልፍና ሰንሰለት፣ የመጀመሪያ ሰርቪስ፣ ጎማ፣ ነዳጅ፤ ሁሉንም በአካባቢዎ ዋጋ ይጻፉ። ቀጥሎ የወሩን ወጪ ደምረው፣ ሞተሩን እንደገዙ ቆጥረው፣ ለሁለት ወር ያንን ገንዘብ በየወሩ ለብቻ ያስቀምጡ። ከጎረበጠዎት መልሱን አገኙ፤ ካልጎረበጠዎት የልብሱ ገንዘብ ተጠራቅሟል።

የልብሱ ገንዘብ ከሞተሩ ገንዘብ በፊት ይነሣ። በተቃራኒው የሚያደርጉት ሁሉ «በሚቀጥለው ወር እገዛዋለሁ» ይላሉ፤ ያ ወር ይረዝማል። ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። የጸደቀበት ምልክት ይኑረው፤ አዲሱ የአውሮፓ ደረጃ ኢሲኢ 22.06 ነው። ሲገዙ ጉንጭን አጥብቆ ይያዝ፣ ጭንቅላትን ሲያዞሩ አብሮ ይዙር፤ ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ አይውለቅ። ሱቁ ውስጥ 15 ደቂቃ ያድርጉት፤ ግንባር ላይ አንድ ነጥብ ካመመ ቅርጹ የእርስዎ አይደለምና ቁጥር ቢቀይሩም አይስተካከልም። ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ፤ አንዴ የተመታ አረፋ ከውጭ ሳይታወቅ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። ከሄልሜት ቀጥሎ ጓንት ነው፤ የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ይዘረጋልና። ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ይሁን፣ ገመዱም ወደ ውስጥ የሚገባ።

ደረጃ 6፦ ፍርሃቱን የማያባብስ ሞተር ይምረጡ

«ትልቁን ግዛ፣ ትንሹ ቶሎ ይሰለችሃል» የሚለው ምክር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጀማሪነታቸውን ከረሱ ሰዎች ነው። ለከተማ ከ125 እስከ 200 ሲሲ፣ ረጅም መንገድ ለሚወጣ እስከ 300 ሲሲ ይበቃል። ክብደቱ 150 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። ተቀምጠው ሁለት እግርዎ፣ ቢያንስ የፊት መዳፎቻቸው፣ መሬቱን ሙሉ ይርገጡ፤ በጣት ጫፍ የሚቆም ጀማሪ በየመብራቱ ፍርሃቱ ይታደሳል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው ከተገኘ ትንሽ ገንዘብ መጨመር ያዋጣል፤ በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች የሚገቡበት የሞት አደጋ ከሌላቸው በ22 በመቶ ያነሰ ነበር።

የመጀመሪያው ሞተር ያገለገለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መጣሉ አይቀርም፣ ሲወድቅም ልብ አይሰበርም። እዚህ የሚመጣው ፍርሃት ግን መታለል ነው፤ እሱም በማጣራት ይፈታል። ሻጩን አስቀድመው «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሣው» ይበሉት፣ ሲደርሱም ሞተሩን በእጅ ይንኩ፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ቀዝቅዞ ሲነሣ የሚያሳየው ችግር ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ እንደሚበዛበት ያሳያል። የፍሬሙን ቁጥር ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ የተፋቀ ወይም የተነካካ ከሆነ ድርድር የለም፣ ይሂዱ። የመሪ ጫፎችን፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ጫፎችን፣ የእግር ማሳረፊያዎችን ይዩ፤ በአንድ ጎን ብቻ የተፋፋቁ ከሆነ ወድቋል ማለት ነው። መውደቁ ብቻውን አያስጥልም፣ መሪው ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው የሚታየው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አስነሥተው መሪውን ቀስ እያሉ ያዙሩ፤ መሐል ላይ ከያዘ ወይም ከተንቀጫቀጨ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። የፊት አሞርዛተሩ ቧንቧ ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ዘይቱን የሚያፍነው ጎሚኒ ያፈሳል። ካቴናው (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) የሚዞርባቸው ጥርሶች እንደ መንጠቆ ከተጣመሙ ካቴናውና ጥርሶቹ በአንድነት መቀየር አለባቸው፤ ከዋጋው ይቀነስ። ጎማው ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ገና ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ዕድሜው የገፋ ጎማ ይደርቃል፣ በእርጥብ መንገድም አይዝም።

ደረጃ 7፦ ከቤት ሰው ጋር

ደብቆ መግዛት ፍርሃትን በእጥፍ ያሳድጋል፤ በመንገዱ ፍርሃት ላይ የመታወቅ ፍርሃት ይጨመርበታል። ወረቀቱን ያሳዩአቸው። «ምንም አልሆንም» አይበሉ፤ የሚያውቁት ነገር አይደለም፣ የሚሰማውም አያምነውም። ይልቅ «በተለይ የሚያስፈራችሁ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሌሊቱ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከጨለመ በኋላ ላለመንዳት፣ ልጅ ማፈናጠጡ ከሆነ ለአንድ ዓመት ሰው ላለመጫን፣ ወሬ ማጣቱ ከሆነ ሲደርሱ ለመደወል ቃል ይግቡ። እናት አሁንም ትፈራለች፤ እሱ አይፈታም፣ እንዲፈታም መጠበቅ አይገባም። የትዳር ጓደኛ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ የሚያጣውም የሚያስታምመውም እሱ ስለሆነ ድምፁ እንደ ግማሽ ውሳኔ ይቆጠር።

ደረጃ 8፦ ቀን ቆርጠው ይወስኑ

ቀኑ ካልተቆረጠ ጥርጣሬ ራሱን እየደጋገመ ይኖራል። ከሥልጠናው መጨረሻ ሁለት ሳምንት ያህል ቆጥረው በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ለመግዛት አራቱም መሟላት አለባቸው፦ የድንገተኛ ፍሬኑ ልምምድ በፍርሃት ቁጥር 4 ወይም በታች መሆኑ፣ የልብሱ ገንዘብ መኖሩ፣ የሁለት ወሩ ሒሳብ መሳካቱ፣ የቤቱ ንግግር መደረጉ። አንዱ ከጎደለ መልሱ «ገና ነው» ነው፤ ያ የጎደለውና ቀጣዩ ቀን ይጻፋል። «ገና ነው» ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በሌላ ስሙ «አይሆንም» ነው፤ እንደዚያው ይቀበሉት። የአደጋ ወሬ በሰሙበት ቀን አይወስኑ፤ ሱቁ ውስጥ ሞተሩ ላይ ተቀምጠውም አይወስኑ። «ዛሬ ካልወሰድከው ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ይውሰደው።

ደረጃ 9፦ ከገዙ በኋላ ያለው ፍርሃት

የሸመተ ሰው የመጀመሪያው ሌሊት «ምን አደረግሁ?» ማለቱ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አጭር፣ የሚያውቁት፣ ትራፊክ የሌለበት መንገድ ብቻ ይሁን፤ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ሁለተኛው ሳምንት አንድ አዲስ ነገር ይጨምሩ፣ ዳገት ወይም አደባባይ፤ ሁለት በአንድ ጊዜ አይጨምሩ። ዝናብን ሆን ብለው፣ በብርሃን፣ በሚያውቁት መንገድ ይለማመዱት፤ ያለዚያ አንድ ቀን ሳይዘጋጁ ያገኝዎታል። ከመነሣትዎ በፊት ጎማ በእጅና በዓይን፣ የፊትና የኋላ ፍሬን፣ መብራትና ፍሬቻ፣ የካቴና ልልነት ይፈትሹ፤ ልልነቱ ብዙ ሞተሮች ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛው ልክ በመመሪያ ደብተሩ ላይ አለ። ሁለት ደቂቃ ነው፤ «አንድ ነገር ቢበላሽስ?» የሚለውን ሐሳብ መንገድ ላይ ይዘው እንዳይሄዱ ያደርጋል።

ለጥቂት ከተረፉ በኋላ እጅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ደኅና ቦታ ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሄልሜቱን ያውልቁ፣ እስኪበርድልዎት ይቀመጡ። ማታ የሆነውን በሦስት መስመር ይጻፉ፤ ምን አየሁ፣ መቼ አየሁት፣ ሁለት ሰከንድ ቀድሜ ምን ማየት እችል ነበር። በዚያው ሳምንት ያንኑ መንገድ በዝግታ ይድገሙት፤ ከተዉት መንገዱ ብቻ ሳይሆን ሞተሩም ይቀራል።

ይልቅ የሚያሳስበው ፍርሃቱ ድንገት የጠፋበት ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመጣል። ችሎታ ያደገው ጥቂት ሲሆን ድፍረቱ ቀድሞት ይሄዳል። ጓንት መተው፣ በመኪናዎች መካከል ፈጥኖ መሹለክ፣ ከፊት ካለው መኪና ያለው የሁለት ሰከንድ ርቀት መጥበብ፤ ከእነዚህ አንዱን በራስዎ ላይ ሲያዩ ወደ ሜዳው ተመልሰው የፍሬኑን ልምምድ ከ20 ኪሎ ሜትር እንደገና ይጀምሩ።

በሦስት ወር ውስጥ ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ቁጥሩ አሁንም 7 እና 8 ከሆነ፣ ሰበብ እየፈለጉ ሞተሩን ትተው የሚሄዱ ከሆነ፣ አንድ ቀን ከአሠልጣኝ ጋር መንገድ ላይ ይውጡ፤ አንዳንዴ የሚያስፈራው የመሪው ቁመት ወይም ያልተስተካከለ ፍሬን ሆኖ ይገኛል። ያም ካልለወጠው ይሽጡት። ታጥቦ፣ ሰርቪሱ ተደርጎ፣ ደረሰኞቹ ተሟልተው የቀረበ ትንሽ ሞተር ገዢ አያጣም፤ ሽያጩ ሲፈጸም የስም ዝውውሩን በዚያው ቀን ያስጨርሱ፤ ያልተዛወረ ሞተር የሚያደርሰው ጉዳት የቀድሞውን ባለቤት ስም ይዞ ይመጣልና።